የሰው ትከሻ እያፍታታሁ የደበቅኩት ሐዘን

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ የሰው ገላ ሳልነካ የሚመሽብኝ ቀን በዛ። ጠዋት ስነሣ እጄን ሙቅ ውኃ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከዚያ የሞቀውን እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አይነፍጉኝም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ የሰው ትከሻና ወገብ ሲያሽ የኖረ እጅ በሰላምታ ብቻ አይጠግብም።

የስንብቴ ዕለት የክሊኒኩ ልጆች ኬክ ቆረሱልኝ። እኔ የሠራሁበትን ክፍል አሁን በኤሌክትሪክ የሚነዝሩ መሣሪያዎች ሞልተውታል። አልቃወምም፤ አንዳንዱ እውነትም ያሽላል። ከልጆቹ አንዷ በዚህ ሁሉ ዘመን ከሁሉም የማትረሺው በሽተኛ ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ ናቸው ብዬ አለፍኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ናይሮቢ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው። ተፈራ ይባላል። የአገራችን አንድ የንግድ ድርጅት ወኪል ሆኖ ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው የጭነት ክፍል ተመደበ። እኔ ደሴ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ነበር ሙያዬ። ልጅ አልወለድንም። ድርጅቱ በሰጠን ትንሽ ቤት እሱ ማታ ማታ ሬዲዮ እየሰማ፣ እኔ ስዋሂሊ እየተማርኩ ደህና ኖርን። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመት እንዳለፈው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሬሳ በየመንገዱ ይጣላል በሚባልበት ሰሞን፣ ለስብሰባ ተብሎ ተጠራ። ጓደኞቹ አትሂድ አሉት። ምን አጠፋሁና ነው የማልሄደው አላቸው። ሁለት ሸሚዝ አጣጥፌ ከተትኩለት። ሲወጣ ወደ በሩ ሸኘሁት እንጂ አየር ማረፊያው ድረስ አልሄድኩም፤ ቶሎ የሚመለስ ሰው ነዋ።

አልተመለሰም። ደብዳቤም አልመጣም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አማቴ በሰው አፍ ስለ እሱ እንዳትጠይቂ፣ አንቺም እንዳትመጪ የሚል ቃል ላከችልኝ። ድርጅቱ ቤቱን ለሌላ ሰው ፈለገው። እዚያው ኢምባካሲ፣ ከመጋዘኖቹ በስተጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራየሁና ሥራ ፍለጋ ወጣሁ።

ኪሊማኒ ውስጥ ሚስስ ዴሳይ የምትባል ህንዳዊት የጡንቻና የአጥንት ጉዳት የሚታከምበት ክሊኒክ ነበራት። የድሬሰርነት ወረቀቴን አየት አድርጋ መለሰችልኝና እጄን ዘርጊ አለችኝ። ገልብጣ አየችው። ከዚያ ወደ ጓሮው ክፍል አስገብታ ለምዜ ኦኬሎ አስረከበችኝ።

ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ፣ አባት ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ሲጠሯቸው ስሰማ የሠርግ ሚዜ መስሎኝ ማን ሊያገባ ይሆን ብያለሁ። ረጅም፣ ጠይም፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። በጣሊያን ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ አገራችን ገብተው እዚያ ቆስለዋል። ከዚያ በኋላ በጦር ሆስፒታል የተኮማተረ ጡንቻ ማሸት ተምረው በዚያው ቀሩ። ከአማርኛ የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቆስለው ሳሉ ተሸክሞ ያወጣቸው የአገሬ ሰው መንገዱን ሁሉ እየደጋገመ ያላቸው ቃል፦ አይዞህ። ለእኔም አይዞህ ይሉኝ ነበር። ለሴት እንዲያ እንደማይባል ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። በአማርኛ የሚያጽናናኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ምዜ በየጠዋቱ ጥፍራቸውን በምላጭ ይከረክሙና ከንፈራቸው ላይ አሽተው ይፈትኑታል፤ ከንፈር ላይ የሻከረ ጥፍር የታመመ ሰው ጀርባ ላይ ቢላ ነው ይላሉ። የኮኮናት ዘይቱን በቆርቆሮ አድርገው ሙቅ ውኃ ውስጥ ያስቀምጡታል እንጂ እሳት ላይ አይጥዱትም። በሽተኛው ሲመጣ ወጥተው አይቀበሉትም፤ በመስኮት ቆመው ከመኪና ሲወርድ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ በየትኛው እጁ በሩን እንደሚገፋ ያያሉ። ጫማውን ሲያወልቅ ተረከዙ በየት በኩል እንዳለቀ ያያሉ። አልጋ ላይ ሲተኛም ሁልጊዜ ከጤነኛው ወገን ይጀምራሉ። ቀኝ ትከሻው የታመመውን ሰው ግራውን ሲዳስሱለት፣ ሰውየው ተሳስተዋል ብሎ ይነግራቸዋል። ምዜ ግን የዚህ ሰው ጤና ምን እንደሚመስል ሳላውቅ በሽታውን በምን አውቃለሁ ይሉ ነበር።

መጀመሪያ ላይ እንዳሽ አልፈቀዱልኝም። እጄን በሰው ገላ ላይ እንዳሳርፍ ብቻ አስተማሩኝ። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የሚጣደፍ እጅ ሲያርፍ ጡንቻ ይሸሸዋል፤ የሚፈራ እጅ ሲያርፍ ሰውየውም ይፈራል። እጄ ማረፍ ሲለምድ፣ እንደ ገመድ የጠጠረውን ጡንቻ ከመሃሉ ሳይሆን ከሁለቱ ጫፍ ማላላትን፣ የተጎዳ ጅማትን በአንድ ጣት አግድም መፈተግን፣ የተላላጠ መስሎ የሚቃጠል ወገብን በመዳፍ ክብደት ብቻ ማሳረፍን አሳዩኝ። ውኃና እንጨት በግንባራቸው ማንገቻ አንግተው ሲሸከሙ የኖሩ የኪኩዩ ጎሳ እናቶች አንገታቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። የእነሱን አንገት ለማላላት ከወገብ እንደሚጀመር የነገሩኝም እሳቸው ናቸው።

አንድ ደንብም ነበራቸው። ሰው ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ሲተኛ አፉ ይፈታል። የነገረሽን ስሚ፣ ያልነገረሽን አትጠይቂ አሉኝ።

ደሞዙ የቤት ኪራዩንና የማታቱውን፣ የሚኒባስ ታክሲውን፣ ከፍሎ ለምግብ ይተርፍ ነበር። ቀን ቀን ክሊኒኩ ሰው አያጣም፤ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ኪሊማኒና ላቪንግተን በዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩ፣ ኢስሊ ደግሞ የሚነግዱና የተሰደዱ ያገሬ ሰዎች ነበሩ። ዳሩ ግን ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም። ሁለት ሰው አማርኛ ሲያወራ ሦስተኛው ሲመጣ ወሬው ይቆማል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ሰዉ ሰላምታ ሳይጀምር እወጣለሁ። አንዲት ሴት ብቻ ሁልጊዜ ትደርስብኝ ነበር፤ ወይዘሮ ብርቅነሽ ትባላለች፣ ኪሊማኒ ምግብ ቤት ያላት። ልጇን በዚያ በግድያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ አጥታለች። ስለ ባልሽ ምን ተሰማ ትለኛለች። ምንም እላታለሁ። እሱ ያውቃል ትልና ወደ ሰማይ ታያለች።

ሙያውን አወቅኩት ባልኩበት ጊዜ ነው የወደቅኩት። ኢስሊ የሚነግድ አንድ የሞያሌ ሰው ከአዲስ አበባ እስር ቤት ወጥቶ በእግሩ ድንበር የተሻገረ ወጣት ይዞ መጣ። አስተማሪ ስለነበረ መምህር እለዋለሁ። ወፌ ላላ የሚሉትን ግርፋት የቀመሰ ነው። ካልሲውን ሲያወልቅ የውስጥ እግሩ ሥጋ ደርቆ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል፤ ተረከዙን መሬት ማስነካት አይችልም። ምዜ በነጻ እናክመዋለን አሉና አንቺ የቋንቋው ሰው ነሽ ብለው ለእኔ ሰጡኝ።

መምህር ታስሮ የቆየው ተፈራ በጠፋበት ከተማ ነው። ምናልባት አይቶት ይሆናል የሚል ሐሳብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ደንቡ ደንብ ነውና አልጠየቅኩትም። እግሩ ይዳን፣ ከአልጋው ይውረድ፣ ያኔ እንደ አገር ሰው ቁጭ ብለን እጠይቀዋለሁ አልኩ። ስለዚህ ቶሎ እንዲድን ፈለግኩ። ከባቱ ጀምሬ ቀስ እያልኩ መውረድ ሲገባኝ ወደ ተረከዙ ፈጠንኩ። ሌላ በሽተኛ ሲያመው ጣቱን ያጥፋል፣ እግሩን ይሰበስባል፤ የሚያሽ ሰው የሚመራው በዚያ ነው። መምህር ምንም አላለም። እግሩ በእጄ ውስጥ እንደ እንጨት ዝም አለ። ዝም ያለው ስላልታመመ መሰለኝና ጨመርኩበት።

ከዚያ በኋላ ሳይመጣ ቀረ። ነጋዴውን ጠይቀን ከምዜ ጋር ኢስሊ ሄድን። መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝቶ እግሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሏል፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ምዜ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡና እግሩን ሳይነኩ ብዙ አዩት። እኔ እንዴት ሲያምህ ሳትነግረኝ ቀረህ ብዬ ጠየቅኩት።

«እትዬ፣» አለኝ፣ «እዚያ ሲያምህ ከጮህክ ይጨምሩልሃል። ዝም ማለት ለምዶብኝ ነው። አንቺ ምን አደረግሽ።»

ስለ ተፈራ የመጠየቅ አፍ አላገኘሁም። በኋላ እብጠቱ ጎደለ፤ የእሱን እግር ግን ዳግም እንዲነካ የፈቀደለት ሰው የለም፣ ለምዜም እንኳ። በምርኩዝ እያነከሰ ኖሮ ኖሮ ሩቅ አገር ተቀበሉትና ሄደ። ስንመለስ ማታቱ ውስጥ ምዜ አልተቆጡኝም። ገላው ዝም ሲልሽ ትንፋሹን ስሚ፣ ሰው ገላውን ዝም ማሰኘት ይችላል፣ ትንፋሹን ግን ለብዙ ጊዜ አይችልም አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ሳሽ ጆሮዬን ዝቅ ሳላደርግ ሠርቼ አላውቅም።

ወይዘሮ አስካለ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ባሏ ከደርግ መንግሥት ለሥራ የተላከ ትልቅ ሰው እንደሆነ ከማንም ሳልሰማ ገባኝ፤ ባለ ጥቁር መነጽር ሹፌር ደጅ ድረስ እየተከተላት እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቀኝ ትከሻዋ ተቆልፏል። እጇን ከደረቷ በላይ ማንሣት አትችልም፤ ፀጉሯን የሚያበጥርላት ሰው ነው። አለባበሷ የፈረንጅ፣ ንግግሯም እንግሊዝኛ ነበር። ገና ስትገባ እኔም አወቅኳት፣ እሷም አወቀችኝ፤ ሀበሻ ለሀበሻ ይደበቃል እንዴ። ሀበሻ ነሽ አለችኝ፣ ነኝ አልኳት፣ ስሜንም ነገርኳት። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

የተቆለፈ ትከሻ ትዕግሥት ይፈልጋል። በኃይል ከከፈቱት ይቆጣል፣ ብሶበት ይደርቃል። በደረቷ አስተኝቼ የትከሻ አጥንቷን ዙሪያ አላላለሁ፣ ከዚያ አዙሬ ክንዷን በራሱ ክብደት ወደሚሄድበት እሸኘዋለሁ። ጡንቻዋ እሺ ይላል፤ ትንፋሿ ግን እንግዳ ነበር። እጄ ሲያርፍባት ትንፋሿን ትይዘዋለች። ሚስስ ዴሳይ ትርሲት ብላ ስሜን ከበር ስትጠራ ደግሞ ይባስ ይቆማል። አሞሽ ነው እላታለሁ፣ አላመመኝም ትላለች። ለምዜ ነገርኳቸው። ይቺ ሴት የምትይዘው ሕመም አይደለም፣ ቃል ነው አሉኝ።

አንድ ቀን ሹፌሩ ነዳጅ ሊሞላ ሄደ። እሷ በደረቷ ተኝታለች፤ የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀች።

«ተፈራን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ በአማርኛ።

የባሌን ስም ለእሷ ነግሬያት አላውቅም።

«እጠብቀዋለሁ።»

«አትጠብቂው እህቴ።»

ቀስ ብላ፣ ፊቷ ወደ መሬት እንደተደፋ፣ ነገረችኝ። ተፈራ የሞተው በሄደ ወር ሳይሞላው ነው። ሳይጠየቅ፣ ሳይፈረድበት፣ ከሌሎች ጋር አውጥተው ነው የገደሉት። ባሏ የተፈራ ሚስት ናይሮቢ ላይ ትጠብቀዋለች ብሎ ለጓደኛው ሲያወራ ሰምታለች፤ ስሜንም የሰማችው ያኔ ነው። ለምን ትነግሪኛለሽ አላልኳትም። ራሷ ነገረችኝ።

«ዝም ብዬ ከእጅሽ ሥር መተኛት አቃተኝ። ለሰው ብታወሪ ግን እኔ አልተርፍም።»

«ትከሻሽን ልቀቂው፣» አልኳት። ለቀቀችው። አዙሬ አስተኛኋትና ክንዷን አነሣሁት፤ በዚያ ቀን ከጆሮዋ በላይ ወጣ። ሹፌሩ ሲመለስ ካፖርቷን እያለበስኳት ነበር።

ስጠብቀው የኖርኩት ሰው ገና መጠበቅ ስጀምር ሞቷል ማለት ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ ልብሱን በፀሐይ አሰጥቼ አጣጥፌአለሁ። አሁን ደግሞ ማልቀስ አልችልም። በእኛ አገር ሐዘን ብቻን አይያዝም፤ ሰው ይመጣል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ከየት ሰማሽ ይባላል። ጥቁር ብለብስ ማን ነገረሽ ይሉኛል። ዝም ብል ይጠረጥራሉ፤ ሹፌሩ የት እንደምሠራና ማንን እንደማሽ ያውቃል። አንድ ጥቁር ሻሽ የዚያችን ሴት ነፍስ ሊያስጠፋ ይችል ነበር። ነጭ ጋወኔን እንደለበስኩ ሥራዬን ቀጠልኩ። በቀጣዩ እሑድ ወይዘሮ ብርቅነሽ ስለ ባልሽ ምን ተሰማ አለችኝ። ምንም አልኳት። ይህችን ቃል ሌላ ጊዜ ስናገራት እውነት ነበረች፤ ያን ቀን ግን ውሸት ሆነች።

ወይዘሮ አስካለ ሕክምናዋን ጨረሰች። በመጨረሻው ቀን መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን በገዛ እጇ ወደ ኋላ ሰብስባ አስያዘችው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አየኋት። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ከዚያ ሄደች። ጥቂት ቆይቶም ባሏ ወደ አገር ቤት ተዛወረ መባሉን ሰማሁ።

ምዜ ግን አወቁብኝ። በሽተኞቹ ከሄዱ በኋላ ፎጣ ሳጣጥፍ ማን ሞተብሽ ብለው ጠየቁኝ። ለእሳቸው ብቻ ነገርኳቸው። የእሳቸው ወገኖች፣ ሉዎዎቹ፣ ሰው ሲሞት መንደሩን ሁሉ ሰብስበው ያለቅሳሉ፤ እንዴት ብቻሽን ትችዪዋለሽ አሉኝ። ከዚያ የእጅ መታጠቢያውን ሳህን በሙቅ ውኃ ሞሉና አጠገቤ ተቀመጡ። እጄን ነከሩት፣ አደረቁት፣ ዘይት ቀቡት፤ ከመዳፌ እስከ ክርኔ ጣት በጣት አሹልኝ። ተፈራ ከሄደ ወዲህ ማንም ሰው እንዲያ ነክቶኝ አያውቅም። «አይዞህ፣» አሉኝ። ድምፅ ሳላወጣ አለቀስኩ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ በዚያ በኩል ሰው አለ።

ምዜ ሲያረጁ ወደ አገራቸው፣ ወደ ሉዎዎቹ ሐይቅ ዳር ገቡ። መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ክፍላቸው የእኔ ሆነ፣ ደሞዜም ትንሽ ተሻሻለ። የእግር ኳስ ተጫዋቾች፣ የሻይ እርሻ ሠራተኞች፣ ወገባቸውን የያዛቸው ዲፕሎማቶች በእጄ አለፉ። ሐዘኔን የሚያውቅ ሰው ግን ናይሮቢ ውስጥ አልቀረልኝም። አንዳንድ ቀን አማርኛ ለማይሰማ ፈረንጅ፣ ወገቡን እያሸሁ፣ በልቤ በአማርኛ እነግረው ነበር።

ደርግ ወደቀ የተባለ ዕለት የወይዘሮ ብርቅነሽ ምግብ ቤት ሞልቶ ወደ መንገድ ፈሰሰ። የሚጨፍር አለ፣ የሚያለቅስ አለ። እኔ ጥግ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ አሁን ማልቀስ እችላለሁ። ዳሩ ግን ቃሌ ለአንዲት ሴት የተሰጠ ነው፣ እሷን ሳልጠይቅ አልናገርም አልኩ። እስከዚያው ለቅሶዬን ማሰንበት ግድ ሆነብኝ።

ብዙም ሳይቆይ የሸሹት የደርግ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ትላንት የሚፈሩት ዛሬ እንደኛ ስደተኛ ሆኑ። የወይዘሮ አስካለ ባል አዲስ አበባ ታስሮ፣ እሷ በሞያሌ በኩል ተሻግራ ኢስሊ ገባች ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ከሌሎች ሴቶች ጋር በተጨናነቀችበት ክፍል፣ ዕቃዋን በፌስታል አስቀምጣ ግድግዳ ተደግፋ አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። አየችኝና ልትነሣ ሞከረች፤ ተቀመጪ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የመጣሁት ለቅሶ ልቀመጥ ፈልጌ መሆኑን፣ ሰው ከማን ሰማሽ ቢለኝ ምን እንደምል እንድትነግረኝ መሆኑን አስረዳኋት። ስምሽን ሳልጠራ ማለፍ እችላለሁ አልኳት።

«ጥሪው፣» አለችኝ። «እኔም እመጣለሁ።»

እንዳትመጪ አልኳት። ባሏ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ወደዚያ ለቅሶ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛው በባሏ ወገኖች ሰው የሞተበት ነው።

ለቅሶው የተደረገው በወይዘሮ ብርቅነሽ ግቢ ነው። ስነግራት ጮኸች፤ ከዚያ ግቢዬን ውሰጂው አለችኝ። ሸራ ተወጠረና ከሥሩ ፍራሽ ተነጠፈ። ከላቪንግተን በመኪና የመጡ፣ ከኢስሊ በማታቱ የመጡ ነበሩ፤ የሞያሌው ነጋዴም ከነቤተሰቡ መጣ። ከዚያ በፊት በመንገድ ሲያዩኝ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሁሉ አቅፈው ሳሙኝ። ጥቁር ለብሼ መሃል ተቀመጥኩ። እንባዬ ግን አልወርድ አለ። ለብዙ ዓመት የታሰረ ነገር ፍቱኝ ስላልኩት አይፈታም።

ወይዘሮ አስካለ ብቻዋን መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሸራው ጫፍ ቆመች። አንዷ ለሌላዋ አንሾካሾከች። በሩ አጠገብ የነበሩት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ፤ ለመቀመጫ ሳይሆን ላለመነካካት ነው። አንድ ሰው ይቺ ደግሞ ምን ልታይ መጣች ሲል ሰማሁ። እሷ ሰማች፤ አልሄደችም። ትንፋሿን እንደያዘች ከተቀመጥኩበት አየሁ።

ተነሣሁ። ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሣም፤ ተነሥቼ በሰዉ መሃል አልፌ ሄጄ እጇን ያዝኳት።

«የባሌን ሞት ማን ነገረሽ ስትሉኝ ነበር፣» አልኳቸው። «እሷ ናት። ጊዜው የእነሱ ሳለ፣ ብታወሪ እሞታለሁ እያለች የነገረችኝ እሷ ናት።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ልጇን ካጣች ወዲህ ከእነዚያ ወገን ከሆነ ሰው ጋር አንድ ቃል ተነጋግራ አታውቅም። ጎንበስ ብላ መሬቱን ስታይ ቆየች። ከዚያ ከራሷ ቦታ ፈቀቅ ብላ ፍራሹን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ነይ ተቀመጪ፣» አለቻት።

እጇን ሳልለቅ ወደ ፍራሹ ተመለስኩ፤ ወይዘሮ አስካለ በሁለታችን መካከል ተቀመጠች። ያኔ አለቀስን።